የመኪና ሙዚቃና የጎረቤት ጆሮ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ባይተዋወቁም፣ ስለ አንድ ጉዳይ የተጻፉ ናቸው። ጉዳዩም ከመኪና እየወጣ ሰፈሩን፣ መንገዱንና ተሳፋሪውን የሚያስቸግር ከፍተኛ ሙዚቃ ነው። ስለዚህ የቀሩትን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው እትም አቆይተን አምዱን በሙሉ ለእነዚህ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ነርስ በመሆኔ ብዙውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ የምተኛውም ጠዋት ወደ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ከሕንፃችን ሥር ባለው መኪና ማቆሚያ አንድ ወጣት ጎረቤቴ ቅዳሜና እሑድ መኪናውን ሲያጥብ አራቱንም በር ከፍቶ ሙዚቃ ይለቃል። ዘፈኑ ምን እንደሚል እንኳ በደንብ አይሰማኝም፤ የሚያስቸግረኝ ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ምት ነው። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ቁም ሳጥኑ ላይ የደረደርኳቸው ሲኒዎች ይንጫጫሉ። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዕቃ ተሸክሜ ሲያየኝ ሮጦ የሚቀበለኝ ነውና ብናገረው እንዳንቀያየም ፈራሁ። ጊዜው ቀን ስለሆነ ደግሞ የመናገር መብት ያለኝም አይመስለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?
*አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ በመጀመሪያ መብትዎን እንዳይጠራጠሩ እንፈልጋለን። የድምፅ ገደብ ያለው ለሌሊት ብቻ ነው፣ ቀን ግን ማንም የፈለገውን ያህል መልቀቅ ይችላል የሚለው አስተሳሰብ በሰፊው የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለድምፅም ደረጃ እንዲወጣለት ያዘዘ ሲሆን፣ በወጣው ደረጃ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ 55 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው)፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት ደግሞ 45 ዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች ተቀራርበው በተለመደው ድምፃቸው ሲነጋገሩ 60 ዴሲቤል ገደማ ስለሚደርሱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ሙዚቃ ከዚህ ወሰን ምን ያህል እንደራቀ ያለ መለኪያም መገመት ይቻላል።

ዘፈኑ ሳይሰማ ቤዙ ብቻ ቤትዎ መግባቱም የራሱ ምክንያት አለው። በሴኮንድ 5000 ጊዜ የሚርገበገብ ቀጭን ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ግድግዳና መጋረጃ በቀላሉ ይይዘዋል። በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገበው ወፍራም ድምፅ ግን አንዱ ሞገድ 7 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም፣ የብሎኬት ግድግዳና የመስኮት መስታወት ብዙም ሳያግዱት ያልፋል፤ እግረ መንገዱንም እነሱኑ ያንቀጠቅጣቸዋል። በዚህ ላይ ክፍት ሜዳ ላይ ቢሆን ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንስ ነበር፤ ፊት ለፊት በተገተሩ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል ግን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመላለሰ ስለሚቆይ ይህን ያህል አይደክምም። መኪናውን የሚያጥበው ልጅ እዚያው ሥሩ ሆኖ ሙሉውን ዘፈን እየሰማ ነው፤ ለእርስዎ የሚደርስዎት ግን ምቱ ብቻ ነው። እሱ ደስ የሚል ሙዚቃ የከፈተ ይመስለዋል፤ እርስዎ ዘንድ የሚደርሰው ሙዚቃ አለመሆኑን የሚነግረው ሰው ከሌለ በራሱ ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ ይንገሩት፤ አነጋገሩ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙዚቃው እየጮኸ ሳለ ከበረንዳ ላይ ሆኖ መናገር አይጠቅምም፤ መጮኽ የግድ ይሆናል፣ ጎረቤትም ይሰማል፣ ልጁም በጓደኞቹ ፊት የተዋረደ ስለሚመስለው መቀነሱን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል። በሌላ ቀን ደረጃ ላይ ሲገናኙ፣ ወይም እንደ ልማዳችን ቡና ሲፈላ ጠርተውት፣ የሌሊት ተረኛ መሆንዎንና በየትኞቹ ቀናት ጠዋት እንደሚተኙ ይንገሩት። «ሙዚቃህን አጥፋ» ከማለት ይልቅ ሊፈጽመው የሚችለውን ነገር ለይተው ይጠይቁት፤ በሮቹን እንዲዘጋ፣ ቤዙን እንዲቀንስ፣ ተረኛ ሆነው ባደሩበት ቀን ደግሞ እጥበቱን ወደ ከሰዓት እንዲያዛውር። ዕቃዎን ሮጦ የሚቀበል ልጅ ይህን እምቢ ይላል ብለን አንጠብቅም።

እምቢ ካለ ቀጣዩ መንገድ የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር ነው። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋሙት የቤት ባለቤቶች ማኅበራት የራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ ያላቸው ሲሆን፣ ስለ መኪና ማቆሚያ አጠቃቀም በደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይችላሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1225 አንድ ባለሀብት ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ ጥቀርሻ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም መንቀጥቀጥ በማድረስ ጎረቤቱን እንዳይበድል ይከለክላል። ሁሉም ሳይሆን ከቀረ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅም እንዳለው ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም የሰጠው ውሳኔ ካላረካው፣ አቤት ባዩ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ መመሥረት ይችላል። ይህን የምንነግርዎ መንገዱ መኖሩን እንዲያውቁ እንጂ ከዚያ እንዲጀምሩ አይደለም፤ አንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤታሞች በማመልከቻ ከጀመሩ ነገሩ ከሙዚቃ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ አዛውንት ነኝ። ከሜክሲኮ ወደ አየር ጤና በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሬ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ድምፅ ማጉያው ከእግሬ ሥር ነበር። ረዳቱን እንዲያስቀንስልኝ ብለምነው «ፋዘር፣ ካልተመቸህ ውረድ» አለኝ። የባሰው ደግሞ መውረጃዬ ደርሶ «ወራጅ አለ» ብል፣ ደግሜም ብል የሚሰማ ጠፍቶ ከምወርድበት አልፌ ሄድኩ፤ ያንን መንገድ በእግሬ ተመለስኩ። ታክሲው የእነሱ ነው፤ ታዲያ እኔ ከፋዩ ምን የማለት መብት አለኝ?
*አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ ጌታዬ፣ ታክሲው የእነሱ መሆኑ እውነት ነው፤ እርስዎም የከፈሉት የሚፈልጉበት ቦታ እንዲያደርስዎ ነው። «ወራጅ አለ» የሚለውን ድምፅ መስማት የማይችል ሾፌር የተከፈለበትን ሥራ አልሠራም፤ ስለዚህ ቅሬታዎ የሙዚቃ ምርጫ ጉዳይ ተደርጎ እንዳይታይብዎ እንፈልጋለን። በረዳቱ መልስ ውስጥ ያለውን ንቀት በተመለከተም የምንለው አለ። ሰልፍ ላይ ቆይቶ የተሳፈረ አዛውንት ከግማሽ መንገድ ወርዶ ሌላ ታክሲ ማግኘት ቀላል እንደማይሆንለት ረዳቱ ራሱ ከማንም በላይ ያውቃል፤ «ውረድ» ማለቱ ምርጫ መስጠት ሳይሆን ምርጫ እንደሌለ እያወቁ መናገር ነው።

ከሾፌሮች በኩል የሚሰማውን ምክንያት ግን ማለፍ አንፈልግም። ከንጋት እስከ ምሽት መሪ ይዞ በመጨናነቅ ውስጥ የሚውል ሰው ሙዚቃ ድካምና እንቅልፍ ያባርርልኛል ቢል ሐሰት አይደለም። ችግሩ ጆሮው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው የጥንቃቄ ወሰን 80 ዴሲቤል ለሆነ ድምፅ በሳምንት 40 ሰዓት፣ 90 ለሆነ 4 ሰዓት፣ 100 ለሆነ ደግሞ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ተሳፋሪው ሠላሳ ወይም አርባ ደቂቃ ተቀምጦ ይወርዳል፤ ሾፌሩና ረዳቱ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው። ከፍ ያለ ድምፅ ሲሰማ የዋለ ጆሮ ለጊዜው ስለሚደነዝዝ፣ ጠዋት የበቃው ሙዚቃ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ያለ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይጨምራል። ማታ ቤቱ ገብቶ ጆሮው ውስጥ ጭው የሚል ድምፅ የሚሰማ ሾፌር ይህ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነው፤ በጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን የፀጉር ሕዋሳት ከሞቱ በኋላ መልሰው አይበቅሉምና።

ለሚቀጥለው ጉዞዎ የምንመክርዎ ከተቻለ ከፊት ወይም ከመሀል እንዲቀመጡ፣ ልመናውንም ታክሲው ከመነሳቱ በፊት ሞተሩና ሙዚቃው ሳይጋጋሉ እንዲያቀርቡ ነው። ለረዳቱ ሳይሆን ለሾፌሩ ይናገሩ፤ ቴፑ በእሱ እጅ ነው። «ልጄ፣ የኋላውን ቀነስ አድርግልን» የሚለው አነጋገር ሙዚቃው እንዲጠፋ ስለማይጠይቅ ሾፌሩ ሳይከፋው ሊፈጽመው ይችላል፤ አብዛኛዎቹ የመኪና ቴፖች የኋላውን ድምፅ ማጉያ ለብቻው መቀነስ የሚያስችል ማስተካከያ አላቸው። አጠገብዎ የተቀመጠ ሰውም አንድ ቃል ቢጨምርልዎ ይጠቅማል። በታክሲ ውስጥ ሁሉም ተሳፋሪ በሙዚቃው እየተማረረ ሌላው እስኪናገር የሚጠብቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አንድ ሰው አፍ ሲከፍት ግን «አዎ፣ ቀንሰው እንጂ» የሚል አይጠፋም።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም፤ መስኮት ከፍቶ ሙዚቃ እየሰማ ሲነዳ ፖሊስ አስቁሞ ቀጣው። የሰከረ አልነበረም፤ በፍጥነትም አልነዳም። ሙዚቃ መስማት እንዴት ወንጀል ይሆናል? የውጭ ሰው በመሆኑ ይሆን?
*አንድ አንባቢ፣ ከፍሎሪዳ*

መልስ፦ ወንጀል አይደለም፤ የትራፊክ ደንብ ጥሰት ነው፤ ሕጉም ለማንኛውም አሽከርካሪ የወጣ ነው። በፍሎሪዳ ሕግ ከመኪና የሚወጣ ድምፅ በ25 ጫማ፣ ማለትም 7 ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ላይ በግልጽ ከተሰማ ያስቀጣል። ለማስፈጸሚያ በወጣው ደንብ መሠረት ፖሊሱ የዘፈኑን ቃላት መለየት አይጠበቅበትም፤ የቤዙ ምት መሰማቱ ይበቃል። በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል አካባቢ ደግሞ መለኪያው ከዚህም ይጠብቃል፤ መኪናው ውስጥ ላሉት ሰዎች ከሚያስፈልገው በላይ መሆኑ ብቻ በቂ ነው።

ይህ ሕግ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሽሮት ነበር፤ ምክንያቱም ድምፅ እያሰሙ ለንግድ ወይም ለፖለቲካ የሚቀሰቅሱ መኪኖችን ነፃ ትቶ የግል ሰው ሙዚቃን ብቻ መከልከሉ ከመናገር ነፃነት ጋር ይጋጫል ስለተባለ ነው። ሕግ አውጪው አሻሽሎ መልሶ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ወንድምዎ ቅጣቱን ካላመነበት በ30 ቀናት ውስጥ አመልክቶ ፍርድ ቤት መከራከር ይችላል። መንገድ ዳር ከፖሊስ ጋር መሟገት ግን የትም አያደርሰውም፤ ለመጤ ሰው ይልቁንም አደጋ አለው።

ጥያቄ፦ የአዳማ ልጅ ነኝ። በራሴ ገንዘብ መኪናዬ ላይ ሰብውፈርና አምፕሊፋየር አስገጥሜያለሁ። ሰው ሁሉ የሚፈርደው በእኛ በወጣቶች ላይ ነው። በሞንታርቦ «ታላቅ ቅናሽ» እያለ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረውን መኪና ማን ተናገረው? የሠርግ አጀብ በጥሩምባ ከተማውን ሲያናውጥ ሁሉም እያጨበጨበ ያያል። የቤተ እምነቶች ድምፅ ማጉያስ? ወይስ ሰብውፈሬን ሸጬ እንደ ሽማግሌ ዜና ብቻ ልስማ?
*አንድ ወጣት አንባቢ፣ ከአዳማ*

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከክርክርዎ ግማሹን እንቀበላለን። በሞንታርቦ የሚዞረው ነጋዴ ነፃ ሆኖ እርስዎ ብቻ ቢቀጡ አድልዎ ነው፤ ከላይ ለፍሎሪዳው አንባቢያችን እንደገለጽነውም የአንድ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳይቀር ይህንኑ የመሰለ ቅሬታ ተቀብሎ ሕግ ሽሯል። በአገራችን የድምፅ ደረጃው የሚለየው መኖሪያ፣ ንግድና ኢንዱስትሪ እያለ በአካባቢ ነው፤ ድምፁ ከዘፈን ይሁን ከማስታወቂያ አይጠይቅም። የቤተ እምነቶቹን ጉዳይ በተመለከተ፣ በየደብሩና በየመስጊዱ ያሉ አገልጋዮችና ምእመናን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተነጋግረው የድምፅ ማጉያውን መጠንና አቅጣጫ ሊያስተካክሉት የሚገባ ነው ብለን እናምናለን፤ ይህን መናገርም እምነትን መንካት አይደለም።

ይሁን እንጂ የሌሎች ጥፋት የእርስዎን አያቀለውም፤ የደብዳቤዎ ሌላው ግማሽ ያልተስማማንም በዚህ ነው። የሠርጉ አጀብ ሰው አይረብሽም አንልም፤ ነገር ግን ሠርገኛው በሕይወቱ አንድ ቀን ነው የሚያልፈው፣ የእርስዎ መኪና ግን በዚያው መንገድ ማታ ማታ ይመለሳል። ጉዳዩን ስንመዝን እኛ የምንጠይቀው ድምፁ የሚደርሰው ሰው ተነስቶ መሄድ ይችላል ወይ የሚለውን ነው። ጭፈራ ቤት የገባ ሰው ካልተመቸው ይወጣል። ሆስፒታል የተኛ ሕመምተኛ፣ ፈተና ያለበት ተማሪ፣ ሕፃን ያስተኛች እናት፣ ከላይ የጻፉልን ነርስ ግን የሚሄዱበት የላቸውም። በባህላችን ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሐዘን በተቀመጠበት ሰፈር ጎረቤት ሬዲዮውን ዝቅ ያደርጋል፣ ድግስ የነበረበትም ያስተላልፋል። የለቅሶ ድንኳን ያለበት መንገድ ላይ ሲደርሱ እርስዎም ቴፑን እንደሚያጠፉ አንጠራጠርም፤ እንግዲህ ሰውን አስቦ መቀነስን ያውቁበታል ማለት ነው። ልዩነቱ ሐዘንተኛው ድንኳን ስለጣለ ይታይዎታል፤ ሕመምተኛው ግን ከመስኮቱ በስተጀርባ ስላለ አይታይዎትም።

ሌላም ነገር አለ፤ ሙዚቃው ከሚገባው በላይ ሲሆን ከኋላ የሚመጣው የአምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና ድምፅ አይሰማዎትም። በተለይ መስኮት ተዘግቶ ቤዙ ሲያይል፣ ሳይረኑ ጆሮዎ የሚደርሰው መኪናው ጀርባዎ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው፤ መንገድ ለመልቀቅም ያን ጊዜ ይዘገያል።

ሰብውፈርዎን ይሽጡ አንልም። የሚከተለውን ግን ይሞክሩ። መኪናዎን ቆም አድርገው ሁልጊዜ በሚሰሙበት መጠን ሙዚቃውን ይክፈቱ፣ በርና መስኮቱን ይዝጉ፣ ከዚያ ወርደው አሥር እርምጃ ያህል ይራቁ። ቤዙ ደረትዎን የሚመታ ከሆነ ወይም የሰሌዳ ቁጥሩ ብረት የሚንቀጫቀጭ ከሆነ መጠኑ ከመኪናው አልፏል። ያን ጊዜ ጠቅላላውን ድምፅ ከመቀነስዎ በፊት አምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን የቤዝ መጨመሪያ ዝቅ ያድርጉ፤ ብዙ ጊዜ መኪናው ሲገጠምለት እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የተተወው እሱ ነው። የሻንጣውንና የበሮቹን ውስጠኛ ቆርቆሮ የንዝረት መከላከያ ማስለበስም ይጠቅማል፤ ቆርቆሮው መንጫጫቱን ስለሚያቆም ሙዚቃው ለእርስዎም ይጠራልዎታል። በስልክዎ ላይ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ጭነው መለካት ይችላሉ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ መለኪያዎች እንደ ሰው ጆሮ ተመዝነው የተሠሩ ስለሆኑ ወፍራሙን ድምፅ ዝቅ አድርገው ነው የሚቆጥሩት፤ ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ ብቻ ጎረቤትዎ አልተረበሸም ማለት አይደለም።

ሙሉ ኃይሉን መስማት ሲያምርዎ ደግሞ ከአዳማ ወጥተው የአዋሽን መንገድ ሲይዙ መኖሪያ መንደር በሌለበት ይክፈቱት፤ ለታክሲው ተሳፋሪ በሰጠነው መልስ የጠቀስነውን የጆሮ የጊዜ ወሰን ብቻ አይርሱ።